የራሒማ ውሃ

ራሒማን ሲጀምራት ዕድሜዋ ስንት ነበር?

ይህን የጠየቀኝ ካይሮ የሚኖር ሐኪም ነው። ከጦርነቱ በፊት ካርቱም ውስጥ የልጆችን የአእምሮ ሕመም ያክም ነበር፤ አሁን ኔትወርክ በተገኘ ቀን በስልክ ያክማል። ልጄን ዳሊያን ሲያዋራት ቆይቶ ስልኩን ለእኔ እንድትሰጠኝ ነገራት። በቤተሰባችን ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ነበር ወይ አለኝ። ነበረች አልኩት፤ የአባቴ ታናሽ እህት። ከዚያ ዕድሜዋን ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ምን ረድቷት ነበር ብሎ ሲጨምር ደግሞ ስልኩን ለዳሊያ መለስኩላት።

ለምን እንደጠየቀኝ ይገባኛል። ሕንድ አገር፣ ፑኔ ከተማ ሄጄ ያጠናሁት ይህንኑ፣ የዘር ውርስን ነው። ሰውን ደጋግሞ እንዲታጠብና እንዲፈትሽ የሚያስገድደው ይህ ዓይነቱ ጭንቀት በልጅነት ሲጀምር በቤተሰብ ውስጥ የመገኘቱ ዕድል ከፍ ይላል፤ በጉልምስና ከሚጀምረው ይበልጣል። ግን ጣት የሚቀሰርበት አንድ ጂን የለም። እያንዳንዳቸው ኢምንት የሆኑ ብዙ ልዩነቶች ተደምረው ሰውን ወደዚያ ያዘነብሉታል፤ የቀረውን ኑሮው ይጨምርበታል። ይህን ለማንም ማስረዳት እችላለሁ። የማላውቃቸውን ቤተሰቦች ምራቅ በብልቃጥ ይዤ ዓመታት አሳልፌያለሁ። ስለ ራሴ ቤተሰብ ግን ያለኝ ማስረጃ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ፣ ያኔ የነበርኩት እኔ፣ ያየችው ብቻ ነው። እሷም ካየችው አብዛኛውን አልተረዳችውም።

ቤተሰቤ ከኢትዮጵያ መጥቶ ወደሚኖርባት ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ የተመለስኩት አባቴ ሲታመም ነው። እሱን ቀብረን ልሄድ ስል ጦርነቱ መጣ። የዳሊያ አባት ሉጥፊ ጅዳ ነው የሚሠራው፤ እኔ ዛሬ ነገ ስል እናቴ ቤት ቀረሁ። የዳሊያ ትምህርት ቤት ከካርቱምና ከጀዚራ ለተፈናቀሉ ሰዎች ማደሪያ ሆነ። ልጅቷ ቤት መዋል ጀመረች። ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ እንደጀመረ፣ ከውሃው በርሚል አጠገብ አልነሳ አለች።

«ማማ፣ ነክቼዋለሁ እንዴ?»

«ምኑን?»

«አላውቅም። ነክቼው ቢሆንስ?»

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠችና «የበድሩ ወገን ነው፤ ደም ነው» ብላ ገባች። በድሩ አባቴ ነው። በማግስቱ ወደ ዶካ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ጥሩ ፈኪ፣ በሃይማኖት የሚያክም ሼህ፣ እንዳለ፣ ውሃ ላይ ቁርአን አንብቦ እንደሚሰጥ፣ ዳሊያን ይዛት ልትሄድ እንዳሰበች ነገረችኝ።

አይሆንም አልኳት። ለምን እንደማይሆን ታውቃለች ብዬ አስቤ ነበር። ረስታዋለች፣ ወይም የረሳች መስላለች። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ የማስበው የለኝም።

ያኔ ቤታችን ከእህል ገበያው ብዙ አይርቅም ነበር። በሰሊጥ ወቅት ነፋሱ የዘይት መጭመቂያዎቹን ሽታ ያመጣል፤ ትራሳችን ሳይቀር ሰሊጥ ሰሊጥ ይላል። ውሃ ግን የለም። ቧንቧው ሲከፈት የሚወጣው ፉጨት ነው። ውሃ የሚመጣው በአህያ በሚጎተት ካሮ ላይ በተኛ በርሚል ነው፤ የእኛን ሰፈር የሚያጠጣው ደግሞ አደም የሚባል ሱዳናዊ ነበር። በር ላይ ቆሞ በርሚሉን በብረት ሲመታው ሴቶቹ ጀሪካን እየጎተቱ ይወጣሉ።

ከሁሉ ቀድማ የምትወጣው ራሒማ ናት። እናታቸው ስትሞት ከጎንደር ያመጣት አባቴ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሰው ሲያያት ጎንበስ የምትል ልጃገረድ ነበረች። አክስት ብዬ ስጠራት ስለምትስቅብኝ «እቴ» ነበር የምላት። አንድ አልጋ ላይ ነው የምንተኛው። ጸጉሬን ስትሠራኝ አንዱ ጉንጉን ከሌላው ጋር ካልተስተካከለ ፈትታ እንደገና ትጀምራለች፤ እኔ በጉልበቶቿ መካከል ተቀምጬ እንቅልፍ ይወስደኛል። ሰው እንዲህ በትዕግሥት የሚነካኝ ስለሚወደኝ ነው ብዬ አስብ ነበር። መውደዷንም ትወደኝ ነበር፤ ከማልጠራጠራቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ለሰላት ስትዘጋጅ ጓሮ፣ ከኒም ዛፉ ሥር፣ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ሰማያዊ የፕላስቲክ ኢብሪቅ፣ የመታጠቢያ ማንቆርቆሪያ፣ አላት። እጇን ትታጠባለች፣ አፏን ትጉመጠመጣለች፣ ፊቷን፣ ክንዷን፤ እግሯ ጋ ስትደርስ ትቆማለች። ፊቷ ከሩቅ የሆነ ድምፅ እንደሰማ ሰው ይሆናል። ከዚያ እንደገና ከእጇ ትጀምራለች። አዛን ይባላል፣ ሰዎቹ መስጊድ ሄደው ሰግደው ይመለሳሉ፤ እሷ ገና ክንዷ ላይ ናት።

በዚያ ሰሞን ኸልዋ ቁርአን እማር ነበር። መምህራችን ውዱእ፣ የሰላቱ ትጥበት፣ የነካው አካል በቂያማ፣ በፍርዱ ቀን፣ እንደሚያበራ፣ ሰዎቹም በዚያ ብርሃን እንደሚታወቁ ነገሩን። የዚያን ዕለት ቤት ስገባ በቀጥታ ያየሁት የራሒማን እጅ ነው። ቀይ ነበር። ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል፤ ጣቶቿ መጋጠሚያ ላይ ስስ የወርቅ ቀለበት የመሰሉ መስመሮች አሉ። የእሷ ቀድሞ ጀምሯል ብዬ አሰብኩ። ለማንም አልተናገርኩም። እንዲህ ያለ ነገር ከተወራ የሚጠፋ መስሎኝ ነበር።

መስመሮቹ የቆዳ ስንጥቆች ነበሩ። ቀለሙ ደም ነበር።

ትልልቆቹ ያወሩ ነበር፤ እኔ የምይዘው ግን ቁርጥራጩን ነው። ጎረቤታችን ፍቅርአዲስ ከመተማ የመጣች ክርስቲያን ናት፤ የጭነት መኪኖች በሚቆሙበት ሻይ ትሸጣለች። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ጓሯችን ጨቅይቶ አየችና እዚህ ቤት ዓሣ ታረባላችሁ እንዴ አለች። እናቴ ሳቀች፤ ሳቋ ቶሎ አለቀ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስለ ወስዋስ ስትነግራት ሰማሁ። ሸይጣን ጆሮ ላይ የሚያንሾካሹከው ጥርጣሬ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ትርጉሙን አላውቅም።

«የእኛ ልጅ ብትሆን ጠበል ነበር የምንወስዳት» አለች ፍቅርአዲስ።

«ውሃ ጨመርሽባት እንጂ ምን አደረግሽላት?» አለች እናቴ።

ሁለቱም ሳቁ።

አደምም የራሱ ቀልድ ነበረው። አጎቴ በድሩ ይህን ሁሉ ውሃ ምን ያደርገዋል፣ አህያዬ እንኳ ዓይኗን ብሸፍናት ሄዳ እናንተ በር ላይ ትቆማለች ይል ነበር። ፍቅርአዲስ የምትቆመው አህያዋ ናት ወይስ አንተ ብላ ትመልስለታለች፤ ሴቶቹ ራሒማን እያዩ ይስቃሉ። ራሒማ አትስቅም። አንገቷን ደፍታ ጀሪካኗ አፍ ላይ ታፈጥጣለች። አደምን አፍራው መሰለኝ፤ ትወደዋለች ብዬም ደመደምኩ። አሁን ሳስበው ዓይኗ የነበረው ውሃው የሚወርድበት ጎማ ላይ ነው። ጎማው መሬት ነክቶ ከነበረ ውሃው ሁሉ ነጃሳ ነው፣ ረክሷል። ነክቶ ይሆን?

አባቴ ገበያው ውስጥ የሱዳን ሴቶች የሚለብሱትን ቶብ የሚሸጥበት ዱካን፣ ትንሽ ሱቅ፣ ነበረው። ከኸልዋ ስወጣ እሱ ጋ ሄጄ ከቶቦቹ መካከል እጫወታለሁ፤ ሲዘጋ አብረን እንመለሳለን። በሩን ይቆልፋል፣ ቁልፉን ይዞ ይስበዋል፣ እንሄዳለን። ረክሻ የሚባሉት ባጃጆች የሚቆሙበት ጥግ ስንደርስ «እዚህ ቆዪኝ» ይለኝና ይመለሳል። ተመልሶ ይመጣል፣ ትንሽ እንሄዳለን፣ ደግሞ ይቆማል። አንዳንድ ቀን ቤት ደርሰን ጫማውን ካወለቀ በኋላ መልሶ ያደርገዋል።

ነጋዴዎቹ ያከብሩት ነበር። እንደ በድሩ የሚጠነቀቅ የለም ይላሉ። አገር ቤት የሚሄድ ሰው ዕቃውን አደራ የሚያስቀምጠው እሱ ዱካን ነው። እኔ ይህን እየሰማሁ እኮራለሁ። አንድ ቀን ቆዪኝ ባለኝ ቦታ መቆየት ሰልችቶኝ ተከተልኩት። በተዘጋው በር ፊት መዳፉን ቁልፉ ላይ አድርጎ ቆሟል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ለዱካኑ ዱዓ እያደረገ መሰለኝ። ፊቱ ከሩቅ የሆነ ድምፅ እንደሰማ ሰው ነበር።

ያንን ፊት የት እንዳየሁት ያን ጊዜ አላስታወስኩም። ለማስታወስ ብዙ ዓመትና ብዙ መጽሐፍ ፈጀብኝ። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ያው ነገር ነበረባቸው። ዱካን ያለው ወንድ ላይ ሲሆን አማና፣ ታማኝነት፣ አሉት፤ ውሃ በሌለበት ከተማ የምትኖር ልጃገረድ ላይ ሲሆን ሸይጣን አሉት።

ያኔ ለራሒማ ፈኪ ቤት ያመጣላት አባቴ ነው። ደግ ሽማግሌ ነበሩ፤ ለእኔ ከኪሳቸው ተምር አውጥተው ሰጡኝ። አንድ ጀሪካን ውሃ አስቀርበው ለረጅም ጊዜ ቁርአን ቀሩበት። ከዚያ ራሒማን አስጠርተው ውዱእ ባደረግሽ ቁጥር መጨረሻውን በዚህ ውሃ ታጠቢ አሏት። ቁርአን የተቀራበት ስለሆነ ደግሞ የቆሸሸ መሬት ላይ እንዳይፈስ ተጠንቀቂ አሏት። ያሉት ሁሉ ከቅን ልብ ነው። እናቴ እያለቀሰች እጃቸውን ሳመች። ራሒማ ጀሪካኑን በሁለት እጇ አቅፋ ወሰደችው፤ የዚያን ቀን ማታ ስትዘፍን የሰማኋት ይመስለኛል።

ጥቂት ቀን ደህና ሆነች። ቀጥሎ የሆነውን ያኔ እንደ ክብር ነበር ያየሁት። የተቀራበት ውሃ ከክንዷ ሲንጠባጠብ ከኒሙ ሥር ይወድቃል፤ ከኒሙ ሥር ዶሮዎች ይመላለሳሉ። ስለዚህ ሳህን አስቀመጠች። ሳህኑ ራሱ ንጹሕ ነው ወይ? አጠበችው። የታጠበበት ውሃስ የት ይፈስሳል? ድሮ የምትፈራው ቆሻሻውን ብቻ ነበር፤ አሁን ውሃውንም ፈራችው። ሳህኑን ጣሪያ ላይ ወጥቼ እንድደፋላት እኔን ትልከኛለች፤ የሰው እግር የማይረግጠው እዚያ ብቻ ነው። እኔ የቅዱስ ሥራ ረዳት ሆኜ ራሴን አየሁት። መሰላሉ ላይ ስወጣ ጠብታ እንዳይወድቅ እስትንፋሴን እይዝ ነበር።

ዝናቡ መጣ። የገዳሪፍ ጥቁር ዋልካ ሲረጥብ ጫማ ይዞ ያስቀራል፤ ከአህያ ፋንድያና ከፍየል በጠጥ ጋር ተቦክቶ ከሰው እግር ጋር ቤት ይገባል። ራሒማ ወደ ካሮው መውጣት ተወች። ቀጥሎ ምንጣፉን መርገጥ ተወች። ቀጥሎ ጸጉሬን መሥራት ተወች። ሚዶውን ይዤ በጉልበቶቿ መካከል ልቀመጥ ስል እጇን ወደ ላይ አንስታ «ቆይ፣ ቆይ፣ እንዳትነኪኝ» አለችኝ። እኔ ቆሻሻ ስለሆንኩ ነው ብዬ ብቻዬን ሄጄ እግሬን ታጠብኩ። ስመለስም አልነካችኝም። በጣም ከፍ ብላለች፣ እኔ አልደርስባትም ብዬ አሰብኩ፤ ወንድሜ ጋ መተኛት ጀመርኩ።

ወንድሜ ያኔ ሕፃን ነበር። አንድ ቀን ወባ ይዞት ሰውነቱ እንደ እሳት ሲነድ እናቴ ጨርቅ ልታርስለት ወደ በርሚሉ ሮጠች። ታችኛው ዝቃጭ ብቻ ነበር የቀረው። አደም በጭቃው ምክንያት ካልመጣ ቀናት አልፈዋል። እናቴ ቆሪውን በርሚሉ ላይ ወረወረችውና ወደ ኒሙ ዞረች። ራሒማን እንዲያ ስትጮህባት አይቼ አላውቅም። ልጄን ልትገዪው ነው አለቻት። ራሒማ በርጩማው ላይ እንዳለች እጆቿን ከሰውነቷ አርቃ ይዛ ታለቅሳለች፤ እንባዋን ለመጥረግ እንኳ ፊቷን መንካት ስለማትችል እስከ አንገቷ ይወርዳል። ውሃውን ፍቅርአዲስ ከቤቷ አመጣች። ሕፃኑ ተረፈ።

አባቴ ሲመጣ ተነገረው። ይመታታል ብዬ ፈርቼ ከሣር አጥሩ ጀርባ ተደበቅኩ። አልመታትም። ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብሎ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«በቂ ነው በይና ተነሺ» አላት። «ባይበቃም ተነሺ።»

«አልችልም ጋሼ።»

«እኔም ይመጣብኛል።» ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር። «ሁልጊዜ። እኔ እንደቻልኩት ቻዪው።»

«አንተ ያለህ ቁልፍ ነው» አለችው። «ቁልፍ ውሃ አይጨርስም።»

አባቴ ተነሳና ወደ ቤቱ በር ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ይህን ከእኔ የሰማሽውን ለማንም እንዳታወሪ፣ ልጆች አሉኝ አላት። እኔ ስለ ወባ የሚያወሩ መስሎኝ ነበር፤ ወባ በየክረምቱ ይመጣብናል፣ ሁላችንም እንችለዋለን። ልጆች አሉኝ ያለው ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ልጆቹ እኛ ነን። ምን እንሆናለን ብሎ ነው?

የእኛ ሰዎች ልጅ ሲያጩ ከወዲያ ማዶ መተማና ጎንደር ድረስ ሰው ልከው ዘሩን ይጠይቃሉ፤ የሚጥል በሽታ አለ ወይ፣ ያበደ አለ ወይ። በአንዷ የተወራው በሁሉም ላይ ይወራል። አባቴ የሚድራቸው ሁለት ሴቶች ነበሩት፤ ራሒማና እኔ። ይህን የተረዳሁት የእኔኑ ጋብቻ ለመጠየቅ ሰው ሲላክ ነው።

ሰሊጡ ተሸጦ ሠርግ በሚበዛበት ወር ራሒማ ለዶካ ተዳረች። ባልየው አኑዋር ይባላል፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ዝምተኛ ነጋዴ ነው። ሴቶቹ ትዳር ይለቅቃታል፣ የምታስብለት ሰው ስታገኝ ራሷን ትረሳለች ይሉ ነበር። እኔ በደስታ ልሞት ነበር። አዲስ ቀሚስ ተገዛልኝ። አደም ምን ይለው ይሆን ብዬ ብቻ ትንሽ አዘንኩ።

ለሒናው ሳፊያ የምትባል ባለሙያ መጣች። ከሱዳን ልጆች ጋር ያደገች ናት፤ አማርኛውንና ዐረብኛውን እያቀላቀለች ነው የምታወራው። ጥቁር ሒና ከሚያቃጥለው የጸጉር ቀለም ጋር ቀላቅላ አዘጋጀች። ደሉካው፣ የሠርጉ ከበሮ፣ እየተመታ ነው። የራሒማን እጅ ስባ መብራቱ ሥር ስታየው ቆመች።

«ይህ እጅ ምን ነክቶት ነው?»

«ሳሙና አይስማማትም» አለች እናቴ።

«ወላሂ ይቃጠላል።»

«ትችለዋለች። ሙሽራ አይደለች?»

ሳፊያ እናቴን አየቻት፣ ራሒማን አየቻት፣ ከዚያ መሣል ጀመረች። ቅጠሉና አበባው በስንጥቆቹ ላይ ሲያልፍ የራሒማ ትከሻ ይንቀጠቀጣል።  እንባዋ ሲወርድ ሴቶቹ ጥሩ ነው አሉ፤ ለወገኖቿ የምታለቅስ ሙሽራ በሥርዓት ያደገች ናት። ዘፈኑን ከፍ አደረጉት። ሒናው እስኪደርቅ ውሃ አይነካም፤ ስለዚህ ሁለት ሴቶች ከግራና ከቀኝ ክንዷን ይዘው አብረዋት ተቀመጡ። እኔ ሙሽራ ሁሉ እንዲህ የሚያዝ መሰለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ፤ ጥቁሩ የእጆቿን ብርሃን ሸፈነው። ሴቶቹ ሲዘናጉ ጠጋ ብዬ በጆሮዋ «እቴ፣ ከሥሩ አለ፣ አይጠፋም» አልኳት። ላጽናናት ነው። ቀና ብላ ያየችኝን አስተያየት እስከዛሬ አልረሳሁትም። ብርሃኑን ማለቴ ነበር፤ እሷ ቆሻሻውን ሰምታ እንደሆነ አላውቅም።

ሙቀቱ ሲበረታ፣ የዶካ ጉድጓዶች ሲጎድሉ፣ ራሒማ ማሽላ በጫነ መኪና ብቻዋን ተመለሰች። የአኑዋር እናት ናት የመለሰቻት። ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ እንደመጣች፣ ሾፌሩ መሪውን የያዘበትን እጅ መንገዱን ሁሉ ስታይ እንደነበር ሾፌሩ ራሱ ለአባቴ ነገረው። እጆቿ ቀይ መሆናቸው ቀርቶ አመድ መስለዋል። አባቴ ዱካኑን መቆለፍ ረስቼ መጣሁ ብሎ ወጣ። የኋላው ክፍል ለእሷ ተለቀቀላት። እንግዳ ሲመጣ ታማለች ይባላል። እኔ አድጌ ካርቱም፣ ከዚያ ሕንድ እስክሄድ ድረስ እዚያው ነበረች፤ ምግቧን በር ላይ ነበር የምናስቀምጥላት። በኋላ ኦምዱርማን አንዲት ዘመድ ጋ ሄዳለች ብላ እናቴ በስልክ ነገረችኝ። እዚያ ምን እያደረገች ነው አላልኩም። ፈተና ላይ ነበርኩ።

ከሐኪሙ ጋር ያወራሁ ዕለት እናቴ መግሪብን ሰግዳ ምንጣፏን ስታጥፍ ጠበቅኋት። አባባም ነበረበት፣ ቁልፉ፣ መመላለሱ፣ ያው ነገር ነው አልኳት። የምትደነግጥ መስሎኝ ነበር።

«የማላውቅ መስሎሽ ነው? አብሬው የኖርኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ብናገር ማን ያገባሽ ነበር ዋፋ?»

ምንጣፉን አጥፋ ጨረሰች። ሳትዞር «አንቺስ?» አለችኝ። «አንቺ ላይ የለም?»

 የጋዙን ቁልፍ ዘግቼ ስንት ጊዜ እንደምመለስ ታያለች፤ የጻፍኩትን መልእክት ሳልልክ ስንት ጊዜ እንደማነበው አታይም። የትኛው ሕመም እንደሆነ፣ የትኛው የእኔ ጠባይ እንደሆነ የሚለይልኝ ብልቃጥ የለም። ዳሊያ ከእኔ የወሰደችው ምን ያህሉን እንደሆነም እንዲሁ።

ራሒማ ከጎንደር ስትመጣ ነበረባት ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«እንጃ። ማን ጠይቋት ያውቃል?»

ፈኪው ጋ መውሰዱን ተወችው። ሳህኑን አስታወሰች መሰለኝ። ግን ከዚያ ወዲህ እኔን እያየችኝ ትጠብቃለች። አገር አቋርጠሽ የተማርሽው ይሄ አይደል፣ እስቲ ለልጅሽ በይላት ዓይነት ነው አስተያየቷ። የሚደረገውን አውቃለሁ። ልጅቷ ሳትታጠብ ከፍርሃቱ ጋር ትንሽ ትንሽ መቆየት ትለማመዳለች፤ ነክተሻል ወይም አልነካሽም ብሎ ማረጋጋት የለብኝም። ሐኪሙ በየሳምንቱ ሊያሠራት ይሞክራል፤ መስመሩ ሲቋረጥ እሷና እኔ በርሚሉ ፊት እንቀራለን። እጇ መቅላት ጀምሯል። ቀና ብላ ታየኛለች፤ ከመጽሐፉ የማውቀው ሁሉ አፌ ላይ ደርሶ ይቆማል። ለዚህች ልጅ በዚህች ደቂቃ ምን እንደሚባል የሚያውቅ ሰው ካለ አንድ ሰው ነው።

የራሒማ ቁጥር ነበረኝ። ጦርነቱ ከተነሳ ጀምሮ ከቤታችን ያገኛት የለም፤ ወደ መደኒ ወጥታለች የሚሉ አሉ፣ ቤቱን ትቼ አልወጣም ብላለች የሚሉም አሉ። ማንበብ ስለማይሆንላት በድምፅ ቀረጽኩላት። የመጀመሪያው ስለ ጂን የሚያስረዳ ሆነብኝ፤ ሰረዝኩት። ሁለተኛው ስለ አባቴ ነበር። ሌላው ልቅሶ ሆነ። ብዙ ከሰረዝኩ በኋላ የላክሁት ይህን ነው፦

«እቴ፣ ዋፋ ነኝ፣ የበድሩ ልጅ። ገዳሪፍ ነው ያለሁት። ልጅ አለችኝ፣ ዳሊያ ትባላለች፣ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ያንቺው ነገር ጀምሯታል። እቴ፣ ያኔ ኒሙ ሥር ስትቀመጪ ማናችንም አልጠየቅንሽም። ማናችን ምን ብንልሽ ነበር የምትነሺው? እሱን ብቻ ንገሪኝ። ለእሷ እንድለው።»

መልእክቱ ሥር አንድ ምልክት ታየ። ስልኳ ዝግ ነበር ማለት ነው። ዓርብ ዕለት፣ ሰው ከጁምዓ ሲመለስ፣ ሁለት ሆነ፤ ደርሷል ማለት ነው። ስልኩ የሆነ ቦታ፣ በሆነ ሰው እጅ፣ በርቷል። ዳሊያን ትቼ ወጥቼ ኔትወርክ የሚሻልበት ጥግ ላይ ፀሐይ እስክትጠልቅ ቆምኩ። ደወልኩ፤ አይነሳም። ሐኪሙ በሚቀጥለው ሳምንት የአክስትሽን ነገር አገኘሽ ወይ ሲለኝ ጠይቄያታለሁ አልኩት።

ዝናቡ አልቆ፣ ሰሊጡ ተነስቶ፣ ሌላ ዝናብ ጀምሯል። መልእክቱ አልተሰማም። ሰው ሲሰማው ቀለማቸው የሚለወጠው ሁለቱ ምልክቶች እንደነበሩ ናቸው።